ብርሃን የማያየው ፎቶግራፍ

ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ወር የፊዚክስ መምህራችን አንድ ሥራ ሰጡን። ለብርሃን በመጋለጡ ወይም ከብርሃን በመከለሉ የተለወጠ አንድ ነገር አምጡ፤ ምን እንደ ደረሰበትም በአንድ ገጽ ጻፉ አሉ። አንዱ ተማሪ በመስኮት በኩል ያለው ጎኑ የነጣ መጋረጃ አመጣ። ሌላው የወየበ ጋዜጣ ይዞ መጣ። እኔ ከግቢው ዳር አንድ ድንጋይ ፈንቅዬ ከሥሩ የነጣ ሣር ነቅዬ ወሰድኩ። መምህሩ ደስ ብሏቸው «ጥሩ አስተውሎት ነው» ብለው በቀይ ጻፉልኝ።

መምህር ሲደሰትብኝ ደስ ይለኛል። ሰው የሚለኝን መፈጸም፣ እሺ ማለት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠባዬ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ጥፋትም ከዚሁ ጠባይ የመጣ ይመስለኛል። ያን ዕለት ከሣሩ ይልቅ ለመምህሩ ማሳየት የሚገባኝ ነገር ነበረኝ። ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ በእንዝርት ሙዳይዋ ውስጥ በጥቁር ሱፍ የተጠቀለለ አንድ ፎቶግራፍ ነው።

በጣሊያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከጦርነቱ በፊት ታሞ ሞቷል። እናቴ የበግ ጠጉር ፈትላ ለበርኖስና ለባና ሠሪዎች ትሰጥ ነበር። አንድ ወንድም ነበረኝ፤ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ጠላት በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ እናቴ በፈተለችው ጥቁር በርኖስ ተጠቅልሎ ወደ አንኮበር ወረደና ከአርበኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ጎረቤት ሲጠይቀን «ደሴ መንገድ ሥራ ገብቷል» እንል ነበር። ልጁ ዱር የገባ ቤተሰብ ከታወቀ ቤቱ ይቃጠላል፤ እናት አባቱም ይታሰራሉ። ይህን በሰፈራችን የማያውቅ ልጅ አልነበረም።

የሞቱን ወሬ ያመጣልን የአሊዩ አምባ በርበሬ ነጋዴ ነው። ከወንድሜ ጋር ይተዋወቁ ነበርና አልፎ አልፎ መልእክት ያደርስልን ነበር። ያን ቀን ግን አህዮቹን ደጅ አቁሞ ሳይቀመጥ ቆየ። እናቴ እንዝርቷን እንደያዘች አየችው።

«ተቀመጥ እንጂ ወንድሜ» አለችው።

«እህቴ፣ እስቲ አንቺ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እሱም ቁና ሙሉ በርበሬ ከስልቻው ገለበጠና ከሥሩ የወንድሜን በርኖስ አወጣ። እናቴ በርኖሱን ስታይ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ከአንኮበር በታች ገላጣውን ተረተር ሲሻገሩ ነው» አለ ነጋዴው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጉም ለብሶ ነበር። ጉሙን ተማምነው ወጡ። መካከል ላይ ሲደርሱ ድንገት ተገፈፈ። ከላይ ምሽጉ ላይ ያሉት አዩዋቸው። አላህ ያጥናሽ እህቴ። እኛው ነጋዴዎቹ አስከሬኑን አንስተን ለቄሶቹ ሰጠናቸው፤ በወጉ ቀብረውታል። አልቅሺ ልልሽ ነበር፤ ግን ደጅሽ ላይ ሰው አለ።»

እውነትም ደጃችን ላይ ሰው ነበር፤ ጎረቤታችን በርበሬ ልትገዛ መጥታ ከአህዮቹ አጠገብ ቆማ ነበር። እናቴ ተነሥታ ወጣች። በርበሬውን አብራት መረጠች፣ በዋጋው ተከራከረችላት፣ ሳቀችም። እኔ በርኖሱን ከመደቡ ሥር ከትቼ በላዩ ተቀመጥኩ። በርበሬ በርበሬ ይል ነበር።

ሰውየው ከሄደ በኋላ እናቴ በሩን ዘግታ ፊቴን በእጆቿ ያዘች።

«ስሚ ልጄ። ፀጉርሽን አትቆርጪም። ነጠላሽን አታዘቀዝቂም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንደ ትናንቱ ነው የምንሄደው። አንድ ሰው እንኳ ‹ምን ሆናችሁ› እንዲለን አልፈልግም።»

«እሺ» አልኩ።

ነጠላ ማዘቅዘቅ ለእኛ የሐዘን ምልክት ነው። ጥለቱ ከታች መውረድ ሲገባው ወደ አንገት ይዞራል። ሴት ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቤት ከወጣች ማንም ሳይነግረው መንገደኛው ሁሉ ሰው እንደ ሞተባት ያውቃል፤ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ያልፋል። ለወንድሜ ይህ ሁሉ ቀረ። ለቅሶ ተቀምጠን፣ ልብሱን አውጥተን፣ ስሙን እየጠራን ልናለቅስለት አልቻልንም።

እናቴ ግን አንድ ብልሃት አገኘች። ነጋዴው የተወላትን በርበሬ መደቆስ ጀመረች። ሙቀጫው ሥር ተቀምጣ እየደቆሰች ታለቅሳለች፤ ሰው ሲገባ «በርበሬው ነው» ትላለች። አልቆ እንደሆነ ሌላ ትገዛለች። አንድ ቀን ያችው ጎረቤታችን እያስነጠሰች ገባችና፦

«ኧረ እታለም፣ ዘንድሮ ምን ጉድ ነው? ሠርግ ደብቀሽን ነው እንዴ? ይኼ እኮ ለአንድ አገር ይበቃል!» አለቻት።

«ልጄ ከደሴ ሲመጣ ዶሮ ወጥ አላበላውም?» አለች እናቴ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

በዚያው ሰሞን ነው ግሪኩ ፎቶ አንሺ ቤታችን የመጣው። ከገበያው በላይ ባለች በቆርቆሮ ክዳን ቤት ወታደሮችን ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። ፎቶግራፍ ለሚያጥብበት ጨለማ ክፍሉ መጋረጃ ፈልጎ፣ የእናቴን ጥቁር ሱፍ ዝና ሰምቶ ነው። እናቴ ፈተለች፤ ሸማኔ ሠራው፤ ከዚያ እሷ ቁራጮቹን ደርባ ሰፋችው። ስንወስድለት ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መጋረጃውን ዘረጋና ጮኸ፦

«እማማ! ቀዳዳ አለ! ና፣ እይ!»

ገብተን አየን። በመርፌው መውጫ አንድ ነጥብ ብርሃን ገብቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ግሪኩ ነጥቡን በጫማው ረገጠው፤ ነጥቡ ጫማው ላይ ወጣ። ሣቅኩ። እሱም ሣቀና በዚያች ቀዳዳ ብቻ የአንድ ቀን ሥራው እንደሚጠፋ፣ ምስሉ የሚቀረጽበት መስተዋትና ወረቀቱ መድኃኒት የተቀቡ ስለሆኑ ትንሽ ብርሃን እንኳ እንደሚያበላሻቸው ነገረኝ። ብርሃን የሚፈልገው ለቆጠረው ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ይጠቁራል፣ ካነሰ አይታይም። እኔ እያንዳንዱን ቃል ያዝኩ። እናቴ ቀዳዳዋን ደፍና እስክትጨርስ ድረስ ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ። ሲሸኘን «ከእናትሽ ጋር ፎቶግራፍ አነሣችኋለሁ፤ ስጦታ» አለ።

እናቴ አልፈለገችም። እኔ ነኝ የለመንኳት። ሦስት ቀን ለመንኳት። በአራተኛው ቀን የወንድሜን በርኖስ ከመደቡ ሥር አወጣችና ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ፎቶግራፉን ማን ያየዋል?» አለችኝ።

«ማንም አያየውም፤ እምዬ። በጨለማ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከጨለማው ወጥቶ እኛ እጅ ነው የሚገባ።»

የተናገርኩት እንደሚያውቅ ሰው ነበር። ደግሞም የማውቅ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄድን። እናቴ በርኖሱን «ብርድ ነው» ብላ ይዛው ወጣች። ግሪኩ ነጭ አቡጀዲ በተሰቀለበት ግድግዳ ፊት አስቀመጣትና እኔን ከጎኗ አቆመኝ። በርኖሱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችው፤ ሁለት እጇን ከላዩ ጫነች። ግሪኩ ወደ ካሜራው ዞሮ ጥቁሩን ጨርቅ ራሱ ላይ ሲያለብስ፣ እኔ የእናቴን ነጠላ አስተካክላለሁ ብዬ ያዝኩ። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም ስጽፈው በደንብ ማስረዳት አልችልም። ለወንድሜ አንድ ቦታ እንኳ እናልቅስለት ብዬ ይሆናል። ነጠላዋን አዞርኩት። ጥለቱ አንገቷ ላይ መጣ። የራሴንም አዞርኩ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ነጠላውን እንዳዞርኩት ተወችው።

«እማማ፣ አትንቀሳቀስ!» አለ ግሪኩ የካሜራውን ክዳን ይዞ።

«ወንድ አደረገኝ እኮ» አለች እናቴ በሹክሹክታ። ከመርዶው ወዲህ ከልቧ ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ክዳኑ ተነሣ። በጣሊያንኛ እስከ ሦስት ቆጠረና መለሰው።

በሁለተኛው ቀን መስተዋቱን ከወረቀት ጋር አጣብቆ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ አጠገቡ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የበርኖሱ ጥቁረት፣ ቀጥሎ የጥለቱ መስመር፣ ከዚያ ፊታችን ብቅ አለ። ሲበቃው አንሥቶ በጥቁር ወረቀት ጠቀለለልኝ።

«ይሄ ለመሞከር ነው። ማጽኛ መድኃኒት አልነካም፤ አልታጠበም። ፀሐይ ካየ ይሄዳል። ትንሽ ብርሃን፣ ትንሽ ይሄዳል። የታጠበውን ቅዳሜ እሰጥሻለሁ።»

እናቴ ጓዳ ገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ አንዴ አየችው። እኔ እስከ ሦስት ቆጥሬ «በቃ፣ ይጠፋል» አልኳትና ከመጋረጃው በተረፈው ሱፍ ጠቅልዬ እንዝርት ሙዳይዋ ውስጥ ከተትኩት። ታዘዘችኝ። በሙያዬ ኮራሁ።

ቅዳሜ ገበያ ሆነ። ጎረቤታችን ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለች ጩኸቷ ተሰማ።

«እታለም! ኧረ እታለም! እንግዲህ ከእኛ ጋር ጠላ መጠጣትሽ ቀረ በይ! ግሪኩ መስኮቱ ላይ አውጥቶሽ የለም እንዴ! ሰው ተሰብስቦ ያይሻል!»

የእናቴ እንዝርት ከእጇ ወደቀ።

«ከነልጅሽ ቁጭ ብለሽ! እንደ እመቤት! ምነው ግን ነጠላሽን እንዲያ? ማን ሞቶብሽ ነው?» እያለች ገባች። «ደግሞስ የወንድ በርኖስ ጉልበትሽ ላይ...»

«ግሪኩ ነው እንዲህ ልበሱ ያለን» አለች እናቴ። «እሱ ምን ያውቃል።»

«እሱስ ምን ያውቃል» አለች ጎረቤታችን። ከዚያ እናቴን አየች፤ ሙቀጫውን አየች። ሳቋ ጠፋ። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «እግዜር...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ብቻ፣ ወደ እኛ ሳትዞር፦ «እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት፤ ሦስት አራት ሴቶች አብረውኝ ነበሩ። አስወርዱት» አለች።

እየሮጥኩ ሄድኩ። የታጠበው ፎቶግራፍ ከመስኮቱ መስተዋት ኋላ በእንጨት ክፈፍ ተሰቅሏል። ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል፤ ምንም አልሆነም። ጥቁሩ ጥለት በእናቴ ነጭ ቀሚስ ላይ ከመንገዱ ማዶ ይታያል። ግሪኩ እኔን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«አየሽ? ቆንጆ! ሁሉም ያያል!»

«አውርድልን» አልኩት።

«ለምን?»

ምክንያቱን ብነግረው ያው ምሥጢሩን ማውጣት ነው። በሱቁ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚጠብቁ ሁለት ወታደሮች ነበሩ።

«እናቴ አፈረች» አልኩ።

ሣቀ። «እናትሽ ቆንጆ ነች! ለምን ታፍራለች? እስከ ሰኞ ይሁን። ሰኞ ለአንቺ እሰጣለሁ፤ ከነክፈፉ። እሺ?»

መጮህ እችል ነበር። የመስኮቱን መስተዋት በድንጋይ መስበርም እችል ነበር፤ ለጥፋቱ ብገረፍ ግድ የለም፣ ፎቶግራፉን ግን ይዤ እሮጥ ነበር። ሰውየው ግን ደግ ነበር፤ ፊቱም እየሣቀ ይጠብቀኝ ነበር። እኔም «እሺ» አልኩ። ዛሬ ክፍል ውስጥ መምህሩ አንድ ነገር ጠይቀው ሁላችንም «እሺ» ስንል ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

ሰኞ በጠዋት ከከተማችን ምሽግ ሦስት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ መጡ። አስተርጓሚው የእኛው አገር ሰው ነበር፤ ፎቶግራፉን መስኮቱ ላይ አይቶታል፤ የነጠላውን ነገር ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም። እናቴን ፊት ለፊት ጠየቃት።

«ማንን ነው የምታለቅሺው?»

«ባሌን።»

«ባልሽ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው? ፎቶግራፉ ላይ ያለው በርኖስስ የጎረምሳ ልክ አይደል? ራስሽን ነው የምታታልዪው እኔን?»

ቤቱን ፈተሹ። የመስኮቱን ፎቶግራፍ ከነመስተዋቱ ከግሪኩ ቀድመው ወስደውታል፤ በርኖሱንም ወሰዱት፤ እናቴንም ወሰዷት። የእንዝርቱን ሙዳይ ከፍተው ጥቁር ሱፍ ብቻ ስላዩ ተዉት። ጎረቤታችን መጥታ እኔን ቤቷ ወሰደችኝ።

ከኅዳር እስከ ጥምቀት ማግስት በምሽጉ ግቢ ግድግዳ በሌለው ዳስ ሥር አስቀመጧት። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት የበጎች ጀርባ ነጭ ይሆናል። የአገሩን ሰው በሱፍ የምታለብስ ሴት በአንዲት ነጠላ ከረመች። ስትፈታ ሳል ይዛ ወጣች። ሳሉ እስከ ዛሬ አልተዋትም። ከነጻነት በኋላ ሐኪም ቤት ስወስዳት ሐኪሙ «ለብርድ የተጋለጡት ለምን ያህል ጊዜ ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷ ጣቷን መቁጠር ስትጀምር እኔ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠላት የወጣ ጊዜ ለቅሶ ተፈቀደ። በየሰፈሩ ሴቶች ለዓመታት የያዙትን እንባ አወጡ። የእኛም ቤት ድንኳን ተተከለ፤ ያችው ጎረቤታችን ከሁሉ በፊት ደረቷን እየመታች ገባች። በወጉ መሠረት የሟች ልብስ እንዲወጣ ተጠየቀ። ልብሱን ይዞ እያሳዩ ነው የሚለቀስ። እናቴ ባዶ እጇን አነሣች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ፎቶግራፉ ያለበትን ሙዳይ ይዛ ስትወጣ አየኋትና መንገድ ላይ ያዝኳት።

«እምዬ፣ አይሆንም። ፀሐይ ነው። እኔ ነኝ የማውቀው፤ እዚህ ካወጣሽው እስከ ማታ ይጠፋል።»

አየችኝ። ፎቶግራፍ ቤት ነጠላዋን ሳዞረው እንዳየችኝ ነው ያየችኝ። ሙዳዩን መለሰችው። ልጇን በባዶ እጅ አለቀሰች። እኔ ፎቶግራፉን አዳንኩት ብዬ ተደስቼ ነበር።

ባለፈው የገና ዕረፍት ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ጠባቂ ለምኜ በትንሽ ጠርሙስ ሃይፖ የሚባለውን መድኃኒት ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ያልታጠበ ፎቶግራፍ ከብርሃን ተጠብቆ ከቆየ በዚህ መድኃኒት ተነክሮ ሲታጠብ ከእንግዲህ ፀሐይ አይነካውም። የስንት ዓመት ዕዳዬን የምከፍል መስሎኝ ነበር። ጓዳ ገባሁ፤ በሩን ገርበብ አደረግኩ፤ ሱፉን ፈታሁ።

ፎቶግራፉ ጠቁሯል። ፊታችን የለም፣ ነጠላው የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠበሰ ቡና የመሰለ ቡናማ ሆኗል። ሱፉን ወደ ብርሃን ይዤ ቀዳዳ ፈለግኩ። አንድም ቀዳዳ የለውም።

«እምዬ፣ ይሄን ማን ከፈተው?»

እናቴ ደጁ ላይ ተቀምጣ ትፈትል ነበር።

«እኔ» አለች። «ያኔ ለቅሶው ላይ አታውጪ አልሽኝ፤ እሺ አልኩሽ። አንቺ ትምህርት ቤት ስትገቢ በየጠዋቱ እዚህ እያወጣሁ አየሁት።»

«እየጠቆረ መሆኑን አላየሽም?»

«አየሁ። በርኖሱም እኮ ጥቁር ነው።» ሳል ያዛት። ሲተዋት እንዝርቷን መልሳ አሽከረከረች። «እኔ ልጄን ስንት ጊዜ ልደብቀው?»

ጠርሙሱን እንዲያው ይዤ ለመመለስ ዐሰብኩና፣ መድኃኒቱን ሳህን ላይ ገልብጬ ወረቀቱን ነከርኩት። የጠፋውን እንደማይመልስ አውቃለሁ። በውኃ አጥቤ ወደ በሩ ይዤው ስወጣ ግን በታችኛው ጠርዝ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ገርጣ ያሉ ቦታዎች አየሁ። መጀመሪያ የመድኃኒቱ እንከን መሰለኝ። ከዚያ የእናቴን እጅ ይዤ ወረቀቱን እንደ ልማዷ አስያዝኳት። አውራ ጣቶቿ በሁለቱ ቦታዎች ላይ ልክ ገጠሙ። በየጠዋቱ ስትይዘው ጣቶቿ የሸፈኑት ብቻ ብርሃን አላገኘውም።

በቀኝ ጣቷ ሥር ከቀሚሷ ነጭ ጥቂት ቀርቷል፤ በላዩም የበርኖሱ ጠርዝ።

«ምንድን ነው?» አለችኝ፤ ዓይኗ ደክሟል።

ነገርኳት። ጣቷን አንሥታ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። እኔ እንደ ልማዴ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት።